«ከዚህ» ማለት ከየት ነው? አንጻራዊ አድራሻዎች በቅጥ ፋይልና በቀድሞ የድረ ገጽ ማሰሻዎች

መግቢያ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮ የሚኖር አንድ ነጋዴ መሐል ሜዳ ለሚኖረው ወንድሙ እንዲህ ሲል ደብዳቤ ጻፈ እንበል፤ «ዱቄቱን ከገበያው በታች ካለው ወፍጮ ቤት ውሰድ።» መሐል ሜዳም ገበያ አለ፤ ከገበያው በታችም ወፍጮ ቤት ሊኖር ይችላል። ታዲያ ወንድምየው የትኛውን ገበያ ይያዝ? ደብዳቤው የተጻፈበትን የዘመሮን ነው ወይስ ደብዳቤው የተነበበበትን የመሐል ሜዳን? ቃላቱ ሁሉ ግልጽ ናቸው። የጎደለው መንገዱ የሚቆጠርበት መነሻ ነው።

ይህ ጥያቄ ተራ ቢመስልም የድረ ገጽ ማሰሻዎች፣ ማለትም ብራውዘሮች፣ ለብዙ ዓመታት የተለያየ መልስ ሲሰጡበት የኖሩት ጥያቄ ነው። ከዚህም የተነሣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተሟልቶ የሚታይ ገጽ በሌላው ላይ ሥዕሉ ጠፍቶ፣ አንዳንዴም ፊደሉ ራሱ ወደ ባዶ ሣጥንነት ተለውጦ ይቀርብ ነበር። በዚህ ጽሑፍ አንጻራዊ አድራሻ ምን እንደሆነ፣ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚፈታው፣ የቀድሞዎቹ ማሰሻዎች የት ላይ እንደተሳሳቱ፣ ጉዳዩ ለግዕዝ ፊደል ለምን የበለጠ ክብደት እንደነበረውና ዛሬም አሮጌ ኮምፒዩተር ባለበት ቦታ ምን ማድረግ እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

የቅጥ ፋይል ምንድን ነው?

አንድ ድረ ገጽ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ይዘቱ ነው፤ ይህም ኤችቲኤምኤል በተባለው ቋንቋ ይጻፋል። ሁለተኛው መልኩ ነው፤ ይኸውም የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ ቀለሙ፣ ኅዳጉ፣ ከጽሑፉ ሥር የሚነጠፈው የዳራ ሥዕልና የመሳሰለው ነው። መልኩ የሚጻፍበት ቋንቋ ሲኤስኤስ ይባላል። የዚህ ቋንቋ የመጀመሪያው ደረጃ በሆኮን ቪዩም ሊ እና በበርት ቦስ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ጸደቀ። ሁለተኛው ደረጃም በ1998 ተከተለ። ሲኤስኤስ የተጻፈበትን ፋይል ባለሙያዎች ስታይል ሺት ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን «የቅጥ ፋይል» እያልን እንጠራዋለን።

የቅጥ ፋይል ትልቁ ጥቅም አንዱ ፋይል ብዙ ገጾችን ማልበስ መቻሉ ነው። 200 ገጾች ያሉት አንድ የትምህርት ስብስብ ቢኖረን የሁሉንም የርእስ ቀለም ለመለወጥ በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ብቻ መቀየር ይበቃል። ይሁን እንጂ የቅጥ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕልንም ሆነ ፎንትን በውስጡ አይዝም። የሚይዘው አድራሻቸውን ነው። «የዳራው ሥዕል እዚያ አለ፤ የፊደሉ ፎንት እዚያ አለ» ብሎ ይጠቁማል። ማሰሻው ጠቋሚውን ተከትሎ ሄዶ ፋይሉን ያመጣል። እንግዲህ አድራሻው በተሳሳተ መንገድ ከተነበበ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ እንኳ «አልተገኘም» ይባላል።

ሦስት ዓይነት አድራሻዎች

በቅጥ ፋይል ውስጥ የሚጻፉ አድራሻዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ሙሉ አድራሻ ነው። የመገናኛውን ዓይነት፣ የሰርቨሩን ስምና በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን መንገድ አሟልቶ ይይዛል። የትም ቦታ ሆነው ቢያነቡት ትርጉሙ አንድ ነው። አገሩ፣ ከተማውና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ሳይቀር ከተጻፈበት ፖስታ ጋር ይመሳሰላል።

ሁለተኛው ከሥር የሚነሣ አድራሻ ነው። በስላሽ ምልክት ይጀምራል፤ ለምሳሌ «/ሥዕል/ዳራ»። ትርጉሙም «አሁን ካለህበት ሰርቨር ከላይኛው ጫፍ ጀምረህ ውረድ» ማለት ነው።

ሦስተኛው አንጻራዊ አድራሻ ነው። በሰርቨር ስምም ሆነ በስላሽ አይጀምርም፤ ለምሳሌ «ሥዕል/ዳራ» ወይም «../ሥዕል/ዳራ»። ሁለቱ ነጥቦች «ወደ አንድ ፎልደር ከፍ በል» ማለት ሲሆኑ አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ «እዚያው ያለህበት ፎልደር» ማለት ነው። አንጻራዊ አድራሻ በራሱ ሙሉ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው መነሻ ሲሰጠው ነው። ሆኖም ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ መላው ፎልደር ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው፣ ከሰርቨር ወደ ፍላሽ ቢዛወር ፋይሎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ስለማይለወጥ አድራሻው መሥራቱን ይቀጥላል።

በዚህ ጽሑፍ የፎልደሮቹንና የፋይሎቹን ስም በአማርኛ የጻፍነው ለንባብ እንዲመች ነው። በተግባር ግን በላቲን ፊደል መሰየሙ ይመረጣል። ምክንያቱም በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት አኃዞች ስለሚተካ አንዱ ፊደል 9 ምልክቶች ይሆናል። በዚህ አተካክ የቀድሞ ማሰሻዎች ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር።

አድራሻ የሚፈታበት ሥርዓት

አንጻራዊ አድራሻ እንዴት እንደሚፈታ የሚደነግግ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1995 አርኤፍሲ 1808 በሚል መለያ ወጣ። ቲም በርነርስ ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግና ላሪ ማሲንተር ያዘጋጁት አርኤፍሲ 3986 ደግሞ በጃንዋሪ 2005 ሥርዓቱን አጠቃሎ አስቀመጠ። ሥርዓቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

1. የመነሻውን ፋይል ሙሉ መንገድ መውሰድ።
2. ከመጨረሻው ስላሽ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ማለትም የፋይሉን ስም፣ መጣል።
3. በቀረው ላይ አንጻራዊውን አድራሻ መቀጠል።
4. «./» ባለበት ምንም ሳይቀይሩ ማለፍ፤ «../» ባለበት ደግሞ ከፊቱ ያለውን አንድ ፎልደር አብሮ መሰረዝ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቅጥ ፋይላችን «/ትምህርት/ቅጥ/ዋና-ቅጥ» ላይ ይገኛል፤ በውስጡም «../ሥዕል/ዳራ» የሚል አድራሻ ተጽፏል። የፋይሉን ስም ስንጥል «/ትምህርት/ቅጥ/» ይቀራል። አድራሻውን ስንቀጥልበት «/ትምህርት/ቅጥ/../ሥዕል/ዳራ» ይሆናል። ሁለቱ ነጥቦች «ቅጥ» የተባለውን ፎልደር ይሰርዙታል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ውጤት «/ትምህርት/ሥዕል/ዳራ» ነው። ሥዕሉም በትክክል እዚያ አለ።

ሥርዓቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ገና በመጀመሪያው ተራ ላይ ነው፤ መነሻው ፋይል የትኛው ነው?

መነሻው ገጹ ነው ወይስ የቅጥ ፋይሉ?

አንድ ገጽ ሲከፈት ሁለት ፋይሎች በአንድነት ይሠራሉ፤ አንባቢው የጠራው ገጽና ገጹ የጠራው የቅጥ ፋይል። አድራሻው የተጻፈው በቅጥ ፋይሉ ውስጥ ሲሆን ሥዕሉ የሚታየው ግን በገጹ ላይ ነው። በመሆኑም ሁለቱም መነሻ ለመሆን የሚችሉ ይመስላሉ።

የ1996ቱ ደንብ ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሰጥቷል። በቅጥ ፋይል ውስጥ ያለ ያልተሟላ አድራሻ የሚፈታው ከቅጥ ፋይሉ ተነሥቶ ነው፤ ከገጹ ተነሥቶ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ደብዳቤው ምሳሌ እንመለስ። ነጋዴው ያንኑ ደብዳቤ አባዝቶ ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌና ለዓለም ከተማ ዘመዶቹ ላከው እንበል። እያንዳንዱ ተቀባይ «ገበያው» የሚለውን ቃል በየራሱ ከተማ ቢተረጉመው አንዱ ደብዳቤ ሦስት የተለያዩ ወፍጮ ቤቶችን ይጠቁማል። ሁሉም የጸሐፊውን ቦታ፣ ዘመሮን፣ መነሻ ካደረጉ ግን ሦስቱም አንድ ወፍጮ ቤት ይደርሳሉ። የቅጥ ፋይልም በብዙ ገጾች የሚነበብ ደብዳቤ ነው። አንድ ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገ መነሻው የተጻፈበት ቦታ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የቅጥ ትእዛዙ በራሱ በገጹ ውስጥ ከተጻፈ መነሻው ገጹ ይሆናል፤ የተጻፈበት ፋይል ገጹ ነውና። እንዲሁም አንድ የቅጥ ፋይል ሌላ የቅጥ ፋይል ቢጠራ በተጠራው ውስጥ ያሉት አድራሻዎች የሚፈቱት ከተጠራው ፋይል ተነሥተው ነው። ደንቡ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ አድራሻው የተጻፈበት ፋይል መነሻ ይሆናል።

ኔትስኬፕ 4 እና ተለዋዋጩ ስሕተት

እ.ኤ.አ. በ1997 ኔትስኬፕ 4 ወጣ። በዚያን ዘመን በስፋት ይሠራባቸው ከነበሩት ማሰሻዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በውጭ ባለ የቅጥ ፋይል ውስጥ የተጻፉትን አንጻራዊ አድራሻዎች የሚፈታው ከገጹ ተነሥቶ ነበር። ደብዳቤውን በራሱ ከተማ እንደሚተረጉመው ተቀባይ መሆኑ ነው።

ይህ ስሕተት አስቸጋሪ የሆነው ሁልጊዜ ስለማይታይ ነበር። ከላይ የወሰድነውን «../ሥዕል/ዳራ» የሚል አድራሻ በሦስት ገጾች ላይ እንፈትሸው። ሥዕሉ ያለበት ትክክለኛ ቦታ «/ትምህርት/ሥዕል/ዳራ» መሆኑን እናስታውስ።

ሀ. ገጹ «/ትምህርት/መነሻ-ገጽ» ሲሆን ኔትስኬፕ 4 የሚፈልገው «/ሥዕል/ዳራ» ነው። አይገኝም።

ለ. ገጹ «/ትምህርት/ባዮሎጂ/ገጽ-1» ሲሆን የሚፈልገው «/ትምህርት/ሥዕል/ዳራ» ነው። ይገኛል።

ሐ. ገጹ «/ትምህርት/ባዮሎጂ/ምዕራፍ-3/ገጽ-7» ሲሆን የሚፈልገው «/ትምህርት/ባዮሎጂ/ሥዕል/ዳራ» ነው። አይገኝም።

እንደምናየው የቅጥ ፋይሉም፣ አድራሻውም፣ ሥዕሉም አልተለወጡም፤ ነገር ግን ሥዕሉ በአንዱ ገጽ ሲታይ በሁለቱ ይጠፋል። የገጹን አዘጋጅ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ሥዕሉን አይቶታልና «ፋይሉ አለ፤ አድራሻውም ልክ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱን በሥዕሉ ወይም በቅጥ ፋይሉ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ ችግሩ ያለው ግን በገጾቹ ጥልቀት ላይ ነው። ሁኔታ «ለ» የሠራው ማሰሻው ትክክል ስለሆነ አይደለም። ገጹና የቅጥ ፋይሉ ከ«ትምህርት» ፎልደር እኩል አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው በመገኘታቸው ሁለቱ መነሻዎች በአጋጣሚ ወደ አንድ ቦታ ስላደረሱ ነው።

ኔትስኬፕ በ2000 ባወጣው 6ኛ እትሙ በአዲስ ሞተር በመተካቱ ይህ ስሕተት ቀርቷል። ሆኖም 4ኛው እትም በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ለዓመታት ስለቆየ የገጽ አዘጋጆች ከስሕተቱ ጋር መኖርን መማር ነበረባቸው።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፦ ግማሹ በደንቡ፣ ግማሹ ከደንቡ ውጭ

የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተለመዱትን የሥዕል አድራሻዎች በደንቡ መሠረት ከቅጥ ፋይሉ ተነሥቶ ይፈታ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ በጨመራቸው ሁለት ትእዛዞች ላይ ሌላ መንገድ ተከተለ።

የመጀመሪያው «ፊልተር» የተባለው ነው። በ2001 የወጣው 6ኛው እትም ከበስተጀርባው ከፊል ብርሃን የሚያሳልፍ የፒኤንጂ ሥዕልን በትክክል ማሳየት ስለማይችል አዘጋጆች ሥዕሉን በፊልተር በኩል ያስገቡት ነበር። በፊልተር ውስጥ የተጻፈው አድራሻ ታዲያ የሚፈታው ከገጹ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው «ቢሄቪየር» የተባለው ሲሆን በገጹ ክፍሎች ላይ አነስተኛ ፕሮግራም የሚያያይዝ ትእዛዝ ነው፤ የእርሱም አድራሻ መነሻው ገጹ ነው።

ስለዚህ በአንድ የቅጥ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት መስመሮች ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ነበሯቸው። አዘጋጁ ከላይኛው መስመር አድራሻውን ገልብጦ በታችኛው ላይ ሲለጥፈው አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ይሰበራል። በ2006 የወጣው 7ኛው እትም የፒኤንጂ ሥዕልን በአግባቡ ማሳየት በመቻሉ ፊልተሩ ቀስ በቀስ አስፈላጊነቱ ቀረ።

ጉዳዩ ለግዕዝ ፊደል ያለው ትርጉም

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዳራ ሥዕል ነበር። ዳራ ቢጠፋ ገጹ ውበቱን ያጣል እንጂ ይነበባል። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ አዘጋጅ ጉዳዩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን አያበቃም።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት በጀመረበት በ1997 አካባቢ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ የግዕዝ ፎንት አልነበረም። የነበሩትም የየአዘጋጆቻቸው ፎንቶች የግዕዝን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተኩ ስለነበሩ ፎንቱ ከሌለ ገጹ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን 384 ቦታዎች መደበለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ፊደል በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ቁጥር አለው። ቁጥሩ መልክ የሚያገኘው ግን ፎንት ሲኖር ነው። ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው የሣጥኖች ሰልፍ ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያቀረበው በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ላይ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ፎንት ይዞ አልወጣም።

አንዱ መፍትሔ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ1997ቱ 4ኛ እትሙ ጀምሮ ኢኦቲ በተባለ ዓይነት የተዘጋጀ ፎንትን በቅጥ ፋይሉ ጠቋሚነት ማምጣት ይችል ነበር። እንግዲህ የፎንቱ አድራሻ የሚቀመጠው በቅጥ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ይህ አድራሻ ከጠፋ የሚጠፋው ጽሑፉ ራሱ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶች ነበሩ። የመጀመሪያው የኢኦቲ ፋይል ሲዘጋጅ የሚሠራባቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች በውስጡ እንዲታሠሩ የሚደረግበት አሠራር ነው። እንዲህ የታሠረ ፎንት ገጹ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር አንጻራዊ አድራሻው ትክክል ቢሆንም እንኳ ለመሥራት እምቢ ይላል። ሁለተኛው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 8ኛው እትም ድረስ የነበረበት የአነባበብ ጉድለት ነው። በአንድ ትእዛዝ ውስጥ የብዙ ፎንቶች አድራሻ በተርታ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ቅንፍ እስከ መጨረሻው ቅንፍ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም አድራሻ ይወስደው ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ስለሌለ ፎንቱ አይመጣም። አዘጋጆች በመጀመሪያው አድራሻ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት በመጨመር አለፉት። በአድራሻ ሥርዓት ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለው የፋይል ስም ሳይሆን ለሰርቨሩ የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ፋይል ብቻ ይልካል።

ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ገጽ

ኔትስኬፕ 4 ዛሬ ታሪክ ሆኗል፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በጁን 2022 ከአገልግሎት ተሰናብቷል። ታዲያ ትምህርቱ ዛሬ ምን ይረባል? በዘመሮ ወይም በሌላ የገጠር ከተማ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስጦታ ያገኛቸው የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒዩተሮች ቢኖሩትና ኢንተርኔት ባይኖረው፣ የአማርኛ የትምህርት ገጾችን በፍላሽ ይዞ የሚመጣ መምህር እነዚህን ጥያቄዎች በሙሉ ይጋፈጣል። ኤክስፒን የሚቀበሉት የመጨረሻዎቹ እትሞች ክሮም 49 እና ፋየርፎክስ 52 ናቸው፤ አብሮት የመጣው ማሰሻ ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነው።

ከፍላሽ በሚከፈት ገጽ ላይ ሦስቱ የአድራሻ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሆኑ እንመልከት። ሙሉ አድራሻ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ አይሠራም። ከሥር የሚነሣ አድራሻም አይሠራም፤ ሰርቨር በሌለበት ሥር የሚሆነው የዲስኩ ላይኛው ጫፍ ነው፤ «ትምህርት» የተባለው ፎልደር በሌላ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ መንገዱ ይጠፋል። የሚቀረው አንጻራዊው ብቻ ነው።

እርሱም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለበት። በ2009 በወጣው ፋየርፎክስ 3.5 ጀምሮ፣ 52ኛውን ጨምሮ በነበሩት እትሞች፣ ከዲስክ የተከፈተ ገጽ ፎንት ማምጣት የሚችለው ገጹ ካለበት ፎልደር ወይም በእርሱ ሥር ካሉ ፎልደሮች ብቻ ነው። «../» ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ በጎረቤት ፎልደር ያለውን ፎንት ቢጠይቅ ይከለከላል። ይህ የደኅንነት ጥበቃ ነው፤ ከየትም የመጣ ገጽ የተጠቃሚውን ፋይሎች እንዳያነብ የተደረገ ነው። ሥዕል በዚህ አይከለከልም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ሥዕሉ በትክክል እየታየ ፊደሉ ብቻ ሊጠፋ ይችላል።

የትኛውን መፍትሔ እንምረጥ?

አዘጋጆች በየጊዜው የተጠቀሙባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው የቅጥ ፋይሉን ከአሮጌው ማሰሻ መደበቅ ነው። ኔትስኬፕ 4 «ኢምፖርት» የሚለውን የመጥሪያ ትእዛዝ አያውቅም፤ በዚህ መንገድ የተጠራ የቅጥ ፋይል ጨርሶ አይደርሰውም። ገጹ ያለ ጌጥ ይታያል፤ ነገር ግን ይነበባል።

ሁለተኛው እኩል ጥልቀት መጠበቅ ነው። ገጾቹን ሁሉ በአንድ ፎልደር፣ የቅጥ ፋይሉን በሌላ፣ ሥዕሎቹን በሦስተኛ አድርጎ ሦስቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከላይ በሁኔታ «ለ» በአጋጣሚ የሆነውን ሆን ብሎ ማድረግ ማለት ነው። ለሥዕል ጥሩ ይሠራል፤ ከፍላሽ በፋየርፎክስ ለሚከፈት ፎንት ግን አይሆንም።

ሦስተኛው የተለየ መነሻ የሚጠይቁትን ትእዛዞች፣ ለምሳሌ ፊልተርን፣ ከቅጥ ፋይሉ አውጥቶ በገጹ ውስጥ መጻፍ ነው። ያኔ መነሻው በማንኛውም አነባበብ ገጹ ይሆናል።

አራተኛውና እኛ ለትምህርት ስብስብ የምንመርጠው የቅጥ ፋይሉን ከገጾቹ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥና ሥዕልና ፎንትን በሥሩ ባሉ ፎልደሮች ማድረግ ነው። አቀማመጡም ይህን ይመስላል፦

/ትምህርት/ገጽ-1
/ትምህርት/ገጽ-2
/ትምህርት/ዋና-ቅጥ
/ትምህርት/ሥዕል/ዳራ
/ትምህርት/ፎንት/ግዕዝ

በዚህ አቀማመጥ በቅጥ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው «ሥዕል/ዳራ» እና «ፎንት/ግዕዝ» ብቻ ነው። የገጹን ስምም ሆነ የቅጥ ፋይሉን ስም ብንጥል የሚቀረው ያው «/ትምህርት/» ስለሆነ ሁለቱ መነሻዎች አንድ ይሆናሉ። መነሻው አንድ ከሆነ ማሰሻዎቹ የሚለያዩበት ምክንያት አይኖርም። ፎንቱም ከገጹ ሥር ስለሚገኝ ፋየርፎክስ አይከለክለውም። ጉድለቱ ስብስቡ ሰፍቶ በየትምህርቱ ዓይነት ፎልደር ሲከፈል ይታያል፤ በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ የቅጥ ፋይሉንና የፎንቱን ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ይላል፤ አንዱ ሲሻሻል ሁሉም መሻሻል አለባቸው። ለጥቂት መቶ ገጾች ግን ይህ ዋጋ ቀላል ነው።

ስሕተት ሲያጋጥም

ሥዕል ወይም ፊደል ሲጠፋ በግምት አድራሻ ከመቀያየር ይልቅ በቅደም ተከተል መፈተሽ ይጠቅማል።

1. አድራሻው የተጻፈበትን ፋይል ሙሉ መንገድ በወረቀት ላይ ጻፉ።
2. በአራቱ ተራዎች መሠረት አድራሻውን በእጅ ፍቱ። የተገኘው ቦታ ላይ ፋይሉ አለ?
3. ካለ፣ ያንኑ አድራሻ ከገጹ ተነሥታችሁ እንደገና ፍቱ። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ችግሩ የመነሻ ነው።
4. የተለያየ ጥልቀት ያላቸው ቢያንስ ሁለት ገጾችን ክፈቱ። በአንዱ ታይቶ በሌላው ከጠፋ ይህ ማረጋገጫ ነው።
5. የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ የሊነክስ ሰርቨር ግን ይለያል። ስሙ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ለጆሯችን አንድ የሆኑት «ሥዕል» እና «ስዕል» ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ስሞች መሆናቸውን አትርሱ።

ማጠቃለያ

ዛሬ ያሉት ዋና ዋና ማሰሻዎች በቅጥ ፋይል ውስጥ ያለን አንጻራዊ አድራሻ ሁሉም ከቅጥ ፋይሉ ተነሥተው ይፈቱታል። የመነሻ ጥያቄ ግን አልሞተም። በአሁኑ ጊዜ በየፎልደሩ ያሉ ብዙ የቅጥ ፋይሎችን ወደ አንድ ፋይል የሚያዋሕዱ መሣሪያዎች በሥራ ላይ ናቸው። አድራሻው ከተጻፈበት ፋይል ወጥቶ ወደ ሌላ ሲዛወር መነሻው ይለወጣል፤ መሣሪያው አድራሻውን አብሮ ካላስተካከለ ሥዕሉ እንደገና ይጠፋል። በፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ የሥዕል አድራሻም መነሻው የፕሮግራሙ ፋይል ሳይሆን ገጹ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሊይዘው የሚገባው የአንድ ማሰሻን ጉድለት ሳይሆን ጥያቄውን ነው፤ «ይህ አድራሻ የሚቆጠረው ከየት ነው?»

መልመጃ

የቅጥ ፋይሉ «/ትምህርት/ቅጥ/በጋ/አዲስ-ቅጥ» ላይ ነው፤ በውስጡ ያለው አድራሻ «../../ሥዕል/ካርታ» ነው፤ የተከፈተው ገጽ «/ትምህርት/ፊዚክስ/ገጽ-2» ነው።

1. በደንቡ መሠረት ሥዕሉ የሚፈለገው የት ነው?
2. በኔትስኬፕ 4 አነባበብስ?
3. ገጹ በስንት ደረጃ ጥልቀት ቢቀመጥ ሁለቱ አነባበቦች ይስማማሉ?

መልስ፦ 1. «/ትምህርት/ሥዕል/ካርታ»። 2. «/ሥዕል/ካርታ»። 3. ከ«ትምህርት» ሁለት ፎልደር ዝቅ ብሎ፤ ለምሳሌ «/ትምህርት/ፊዚክስ/ምዕራፍ-1/ገጽ-2»።